ለሕፃናት የነገርን ስም በዜማ ስለ ማስተማር

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» የሚል አባባል በአገራችን አለ። ይህ አባባል የተነገረው ለሰው ስም ነው። በዙሪያው ያሉትን ነገሮች ስም ለሕፃን የሚነግሩት ግን እናቱና አባቱ፥ አያቱ፥ ታላቅ እኅቱና አስተማሪው ናቸው። ሕፃን «ውሃ» የሚለውን ስም እስኪያውቅ ድረስ ጥማቱን የሚገልጸው በልቅሶ ነው፤ «ጆሮ» የሚለውን ስም እስኪያውቅ ድረስም የታመመበትን ቦታ ለሐኪም ሊያስረዳ አይችልም። ስለዚህ የነገሮችን ስም ማወቅ የትምህርት ሁሉ በር ነው ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

ብዙዎቹ ሕፃናት ይህን በር የሚያልፉት ያለ ልዩ ትምህርት ነው። በ2012 ዓ.ም. በአሜሪካ ታትሞ የወጣ አንድ ምርምር እንዳረጋገጠው፥ ከ6 እስከ 9 ወር ዕድሜ ያላቸው ሕፃናት አንድም ቃል ሳይናገሩ የአንዳንድ ምግቦችንና የሰውነት ክፍሎችን ስም ለይተው ያውቃሉ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።) ነገር ግን በሩ የሚከብድባቸው ሕፃናት አሉ። አንዱ ጆሮው በሚገባ አይሰማም፤ ሌላው አያይም፤ ሌላው ኦቲዝም አለበት፤ ሌላው አእምሮው በዝግታ ያድጋል፤ ሌላውም የሚሰማውን እያወቀ ምላሱ አልታዘዝ ይለዋል። እንዲህ ያለው ሕፃን የነገሮችን ስም ሳያውቅ ዕድሜው ሲገፋ፥ ሰፈሩ ለእርሱ ራሱ ሌላ ስም ያወጣለታል፤ «ዲዳው»፥ «ፈዛዛው» ይለዋል። ከጥቂት ጊዜ በኋላም እናቱ ያወጣችለት ስም ይረሳል፤ ከትምህርት ቤትም ይቀራል።

እነዚህን ሕፃናት ለመርዳት ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ አንድ መሣሪያ በየቤቱ አለ። ይኸውም ዜማ ነው። በዚህ ጽሑፍ ዜማ የነገርን ስም ለማስተማር የሚረዳው በምን ምክንያት እንደ ሆነ፥ የማይረዳውም መቼ እንደ ሆነ እንመለከታለን። ነገሩን የምንመለከተውም ብዙ ቋንቋዎች በሚገናኙባት በሞያሌ ከተማ በኩል ነው።

አንድ ነገር በአራት ስም

ሞያሌ በኢትዮጵያና በኬንያ ወሰን ላይ የተቈረቈረች ከተማ ስትሆን፥ በኬንያ በኩል ያለው ክፍሏ በማርሳቢት ካውንቲ ውስጥ ይገኛል። ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አስፋልት ከለበሰ ወዲህ፥ በታኅሣሥ ወር 2020 ዓ.ም. ደግሞ የሁለቱ አገሮች መሪዎች የጋራውን የወሰን መቈጣጠሪያ ጣቢያ መርቀው ከከፈቱ ወዲህ፥ የሰውና የዕቃው መመላለስ የተፋጠነ ሆኗል። በከተማይቱ ቦረናው፥ ገብራው፥ ቡርጂው፥ ገሪው፥ ሶማሌውና ሌላውም በጉርብትና ይኖራሉ።

እንግዲህ በዚያ የሚያድግ አንድ ሕፃን ውሃን ለመጥራት ስንት ስም እንደሚሰማ እናስብ። በቦረናው ቤት «ቢሻን» ይባላል፤ የሶማሌው ጎረቤት «ቢዮ» ይለዋል፤ በትምህርት ቤትና በመሥሪያ ቤት በስዋሂሊ «ማጂ» ይባላል፤ ከወሰኑ ማዶ የመጣው ነጋዴ ደግሞ «ውሃ» ይለዋል። ወተትም እንዲሁ ነው፤ «አናን»፥ «ዓኖ»፥ «ማዚዋ»፥ «ወተት» እየተባለ ይጠራል። ጤናማው ሕፃን ይህን ሁሉ ያለ ችግር ይለያል፤ ለአያቱ በአንዱ፥ ለጎረቤቱ ልጅ በሌላው ይመልሳል። የማይናገር ሕፃን በተገኘ ጊዜ ግን ትልልቆቹ ሰዎች ከሁለት ስሕተቶች በአንዱ ይወድቃሉ።

የመጀመሪያው ስሕተት የቋንቋው ብዛት ሕፃኑን አደናገረው ብሎ እናቲቱን በራስሽ ቋንቋ አታናግሪው ማለት ነው። ሆኖም ቋንቋ መብዛቱ የንግግር ችግር እንደማያመጣ በሚገባ የተረጋገጠ ነገር ነው። እናቲቱ በሚገባ በማታውቀው ቋንቋ ብታናግረው የሚሰማው ቃል ያንሳል፤ የምትዘምርለት ዜማም ይጠፋል።

ሁለተኛው ስሕተት የዚህ ተቃራኒ ነው። «ቋንቋው ስለ በዛበት ነው፤ ሲያድግ ይናገራል» ተብሎ ሕፃኑ ይተዋል። ሁለት ዓመት፥ ሦስት ዓመት፥ አምስት ዓመት ያልፋል። በመጨረሻ ሲመረመር ጆሮው ደጋግሞ መግል ይዞ ኖሮ መስማቱ ተቀንሶ ይገኛል፤ ወይም ኦቲዝም ያለበት መሆኑ ይታወቃል። የጠፋው ዓመት ግን አእምሮው ቋንቋን ለመቀበል እጅግ የተመቸበት ዘመን ነበር።

ከሁለቱ ስሕተቶች ለመዳን ቀላል የሆነ መለኪያ አለ። የሕፃኑ ቃላት በሚቈጠሩበት ጊዜ በሁሉም ቋንቋ የሚያውቃቸው አንድ ላይ መቈጠር አለባቸው። በቦረንኛ 20፥ በስዋሂሊ 20፥ በአማርኛ 15 ቃላት የሚናገር ሕፃን በድምሩ 55 ቃላት ይናገራል እንጂ በየቋንቋው ወደ ኋላ የቀረ አይደለም። ሁለት ዓመት የሞላው ሕፃን በሁሉም ቋንቋ ተደምሮ 50 ቃላት የማይደርስ፥ ወይም ሁለት ቃላት አጋጥሞ የማይናገር ከሆነ ግን ወደ ጤና ባለሙያ ሊወሰድ ይገባል። ከሁሉ አስቀድሞም ጆሮው ይታይ።

ዜማ ስለ ምን ይረዳል?

ሰው ሲናገር ቃላቱን እንደ ጽሑፍ በነጥብ አይለያቸውም። ንግግር እንደ ወንዝ ውሃ ተያይዞ ይፈስሳል። ቋንቋ የሚማር ሰው የመጀመሪያ ሥራው አንዱ ቃል የት ጀምሮ የት እንዳለቀ መለየት ነው። አማርኛን በመማር ላይ የምትገኙ ሹማምንትም ይህን ችግር በራሳችሁ ሳታዩት አልቀራችሁም።

በ1996 ዓ.ም. በአሜሪካ በተደረገ አንድ ምርምር የ8 ወር ሕፃናት ትርጕም የሌላቸው ድምፆች ሳይቋረጡ ለሁለት ደቂቃ ያህል ተሰሙላቸው። ሕፃናቱ በዚህ አጭር ጊዜ ውስጥ ድምፆቹ አዘውትረው የሚገጣጠሙበትን መንገድ ለይተው ዐወቁ። በ2008 ዓ.ም. የታተመ የፈረንሳይ ሊቃውንት ምርምር ደግሞ ትልልቅ ሰዎችን የሚመለከት ነበር። ሰዎቹ ሰው ሠራሽ የሆነ ቋንቋ እንዲያዳምጡ ሲደረግ፥ በተራ ንግግር ሲሰሙት መለየት ያቃታቸውን ቃላት በዜማ ሲሰሙት ሊለዩ ቻሉ። ምክንያቱም ዜማው ከፍና ዝቅ በማለቱ የቃሉን ወሰን ያሳያል፤ ልክ በእርሻ መካከል እንዳለ ድንበር ነው።

ለሕፃናት ደግሞ ተጨማሪ ጥቅም አለ። ማንበብና ቃልን መለየት የሚያስቸግራቸው ብዙ ሕፃናት የምት ስሜታቸው ደካማ መሆኑን ኡሻ ጎስዋሚ የተባሉት የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሊቅ በሰፊው ጽፈዋል። እጅ ማጨብጨብና ከበሮ መምታት ይህን ስሜት ያለማምዳል። ከዚህም በላይ ዜማ ያለ መሰልቸት ይደጋገማል። እናት «ማንኪያ» የሚለውን ቃል ሃያ ጊዜ በንግግር ብትደጋግመው እርሷም ሕፃኑም ይታክታሉ፤ በዜማ ሲሆን ግን ሕፃኑ ራሱ «ድገሚልኝ» ይላል።

የአማርኛ ስም በዓረፍተ ነገር ውስጥ

እዚህ ላይ የአማርኛን ጠባይ ማስተዋል ያስፈልጋል። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር የሚያበቃው በግሥ ነው። እናት «ወተቱን ለወንድምህ ስጠው» ስትል፥ የወተት ስም በመጀመሪያ ተነግሮ ያልፋል፤ በሕፃኑ ጆሮ የሚቀረው የመጨረሻው ቃል «ስጠው» ነው። ደግሞም ስሙ ብቻውን አልተነገረም፤ ቅጥያ ተጨምሮበት «ወተቱን» ሆኗል። ቤትም እንዲሁ በአንድ ቀን ውስጥ «ቤቱ»፥ «ቤታችን»፥ «ቤቶች»፥ «ከቤት»፥ «ለቤቱ» እየተባለ ይነገራል። አንድ ስም ብዙ ልብስ ለብሶ ስለሚመጣ ቃልን መለየት የሚያስቸግረው ሕፃን ያው ቤት መሆኑን ላያውቀው ይችላል።

በስዋሂሊ ነገሩ ሌላ ነው። «ወተት ስጠኝ» ለማለት «ኒፔ ማዚዋ» ይባላልና ስሙ በመጨረሻ ላይ ይወድቃል። በሌላ በኩል የስዋሂሊ ስም ሲበዛ የሚለወጠው በፊቱ ነው፤ አንድ ወንበር «ኪቲ»፥ ብዙ ወንበሮች «ቪቲ»፥ አንድ ሕፃን «ምቶቶ»፥ ብዙ ሕፃናት «ዋቶቶ» ይባላሉ። ስለዚህ በሞያሌ የሚማር ሕፃን የስሙን ራስ ሲፈልግ በአንዱ ቋንቋ ወደ ኋላ፥ በሌላው ወደ ፊት ማዳመጥ አለበት።

ይህን ችግር የሚያቃልለው የአቀንቃኝና የተቀባይ ሥርዐት ነው። አቀንቃኙ ጥያቄውን ሁሉ በዜማ ያወርዳል፤ ተቀባዮቹ ግን ስሙን ብቻ ይመልሳሉ። አስተማሪዋ ዕቃውን ከፍ አድርጋ «በእጄ የያዝሁት ምንድን ነው?» ብላ ታዜማለች፤ ሕፃናቱ «ወተት!» ይላሉ። በዚህ ጊዜ ስሙ ከቅጥያ ሁሉ ተራቁቶ፥ ግሥ ሳይከተለው፥ ብቻውን ቆሞ ይሰማል። የአገራችን እንቆቅልሽም በዚሁ መንገድ የተሠራ ነው፤ ረጅሙን ነገር ጠያቂው ይናገራል፤ መልሱ ብዙውን ጊዜ አንዲት ስም ናት። አባቶቻችን ይህን ስልት ያቈዩልን ለጨዋታ ቢሆንም ለትምህርትም የተመቸ ነው።

ስለ ማጨብጨብም አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። እጅ የሚመታው በፊደሉ ቍጥር ሳይሆን በድምፁ ክፍል ነው። «ዳቦ» ሁለት ፊደል፥ ሁለት ምት ነው። «ሙዝ» ሁለት ፊደል ቢኖረውም አንድ ምት ብቻ ነው። «ወተት» ሦስት ፊደል፥ ሁለት ምት ነው። «ማንኪያ» ደግሞ አራት ፊደል፥ ሦስት ምት ነው። እንዲሁም የሚጠብቅና የሚላላ ድምፅ በዜማው እንዳይበላሽ መጠንቀቅ ይገባል። «ገና» የሚለው ቃል ሲጠብቅ የልደት በዓል፥ ሲላላ ግን «እስካሁን» ማለት ነው፤ ጽሑፉ አንድ ስለ ሆነ የሚለየው ጆሮ ብቻ ነው። ጥሩ የሕፃናት ዜማ ቃሉ በንግግር የሚሰማበትን ልክ የሚጠብቅ ነው።

ዜማ ብቻውን አይበቃም

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። አንድ ሕፃን ዘፈኑን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አሳምሮ እየዘፈነ፥ በውስጡ ካሉት ስሞች አንዱንም ላያውቅ ይችላል። ወላጆች ልጃቸው ሲዘፍን ሰምተው ይደሰታሉ፤ አስተማሪውም ተምሯል ብሎ ያልፈዋል። ሆኖም «ሲኒውን አምጣ» ሲባል ሕፃኑ ፈዝዞ ይቀራል። በተለይ ኦቲዝም ካለባቸው ሕፃናት አንዳንዶቹ የሰሙትን ረጅም ነገር ሳይሳሳቱ ይደግማሉ፤ ሲጠማቸው ግን «ውሃ» ብለው አይጠይቁም።

ይህ ልዩነት በአገራችን ጥንታዊ ትምህርት የታወቀ ነበር። በ6ኛው መቶ ዓመት የተነሣው ቅዱስ ያሬድ በግዕዝ፥ በዕዝልና በአራራይ ያቆመው ዜማ ሲወርድ ሲዋረድ እስከ ዛሬ የደረሰው በቃል ትምህርት ነው። በዚሁ መንገድ ዐይነ ስውራን ደቀ መዛሙርት በጆሯቸው ብቻ ተቀብለው ታላላቅ የዜማና የቅኔ መምህራን ለመሆን በቅተዋል። ነገር ግን ሊቃውንቱ ዜማን ከትርጓሜ አላደባለቁም። ቃሉን በዜማ ያጠና ተማሪ ምስጢሩን ለማወቅ መጻሕፍት ቤት መግባት ነበረበት። ዜማ ቃሉን ያስይዛል፤ ትርጕሙን የሚሰጠው ሌላ ትምህርት ነው። ለሕፃን ደግሞ የነገሩ ትርጕም ራሱ ነገሩ ነው፤ የሚታይ፥ የሚዳሰስ፥ የሚቀመስ ነው።

በሌላውም ዓለም የሠሩት ሰዎች ይህን ተረድተውታል። በ1959 ዓ.ም. አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ ፖል ኖርዶፍና እንግሊዛዊው የልዩ ትምህርት መምህር ክላይቭ ሮቢንስ፥ በእንግሊዝ አገር ሰንፊልድ በተባለው የሕፃናት ማሳደጊያ አብረው መሥራት ጀመሩ። የእነርሱ ዘዴ ሕፃኑ የተዘጋጀውን ዜማ እንዲከተል ከማስገደድ ይልቅ ሙዚቀኛው የሕፃኑን ምት እንዲከተል የሚያደርግ ነበር። ሕፃኑ ከበሮውን ሲመታ ፒያኖው ይመልስለታል፤ ሲያቆም ይጠብቀዋል። ሰላምታውም በሕፃኑ በራሱ ስም ይዜምለታል።

በአገራችን መምህርት ብሩክታዊት ጥጋቡ ከሼን ኤትዘንሃውዘር ጋር ሆነው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውን የቴሌቪዥን ዝግጅት በአማርኛ አቅርበዋል። በዚህ ዝግጅት ፀሐይ የተባለችው ቀጭኔ ሕፃናትን በጨዋታና በመዝሙር ታስተምራለች። ዝግጅቱ በ2008 ዓ.ም. የጃፓን ሽልማት የተባለውን ዓለም አቀፍ የትምህርት ሽልማት አግኝቷል። ይህም በአማርኛ የተሠራ የሕፃናት ዝግጅት ከሌላው ዓለም ሥራ እንደማያንስ አስመስክሯል። ሆኖም ዕቃውን በሕፃኑ እጅ የሚያስቀምጠው ቤተ ሰቡ ወይም አስተማሪው እንጂ ቴሌቪዥኑ አይደለም።

ወይዘሮ ዘሚ የኑስም ልጃቸው ኦቲዝም ያለበት በመሆኑ፥ በ2002 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን መሠረቱ። በዚያም አቡጊዳ ፎነቲክስ ብለው የሰየሙትን፥ የኢትዮጵያን ፊደል ድምፆች ተከትሎ የማይናገሩ ሕፃናትን አፍ የሚያለማምድ ዘዴ አወጡ። በ2021 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ቢለዩም፥ ብዙ ወላጆች የደበቋቸውን ልጆች ወደ አደባባይ እንዲያወጡ ያደረጉት ጥረት ሲታወስ ይኖራል።

አሠራሩ

እንግዲህ በቤትም ሆነ በክፍል ውስጥ ሊደረግ የሚችለውን ባጭሩ እንገልጻለን። በመጀመሪያ ከአምስት የማይበልጡ ስሞች ይመረጡ። እነዚህም ሕፃኑ በየቀኑ የሚጠቀምባቸው ነገሮች ይሁኑ፤ ውሃ፥ ወተት፥ ሲኒ፥ ጫማ፥ ዳቦ ለመጀመሪያ ይበቃሉ። የባሕር መርከብና የበረዶ ስም ለሞያሌ ሕፃን ሊቈይ ይችላል፤ ፍየልና ግመል ግን በደጁ ያልፋሉ።

ትምህርቱ በሰላምታ ይጀመር፤ ሰላምታውም የእያንዳንዱን ሕፃን ስም በዜማ የሚጠራ ይሁን። ለሕፃን ከሁሉ የሚቀድመው ስም የራሱ ነው። «ዲዳው» እየተባለ የኖረ ሕፃን ስሙ በዜማ ተጠርቶ ጓደኞቹ ሁሉ ሲያጨበጭቡለት ቀና ማለቱ አይቀርም።

ቀጥሎ አስተማሪዋ ዕቃውን በሕፃኑ እጅ ታስይዝና የዕቃውን ስም በአጭር ዜማ ትጠራዋለች። ዜማው ዝግ ያለ፥ ቃሉም የተለየ ይሁን። ከተወሰነ ድግግሞሽ በኋላ ስሙ ሊመጣ ሲል ዜማውን ቆም ታደርገዋለች። ይህ ዝምታ የትምህርቱ እምብርት ነው። ሕፃኑ ክፍተቱን ለመሙላት ይገፋፋል፤ በቃል ባይመልስ በዐይኑ ያያል፥ በጣቱ ይጠቁማል፥ ዕቃውን ያነሣል። ይህ ሁሉ መልስ ነው። ትልልቆቻችን የምንሳሳተው ዝምታውን ለመታገሥ ባለመቻል መልሱን ራሳችን ስለምንናገር ነው። አንዳንዱ ሕፃን ለመመለስ ብዙ ጊዜ ያስፈልገዋል፤ በልባችን እስከ ዐሥር ብንቈጥር ጥሩ ነው።

በመጨረሻ ዜማው ይነሣና ስሙ ብቻውን ይፈተን። ሁለት ዕቃዎች በፊቱ ቀርበው ያለ ዜማ «ሲኒው የቱ ነው?» ተብሎ ይጠየቅ። አውቆ ካነሣ ደግሞ በሌላ ሲኒ ይፈተን፤ በነጩ ያወቀ በቀዩ፥ በትምህርት ቤት ያወቀ በቤት፥ ከአስተማሪው የተማረ ከአያቱ ይጠየቅ። ስም ማለት የአንድ ዕቃ ብቻ ሳይሆን የመሰሎቹ ሁሉ መጠሪያ ነውና፥ ይህን ፈተና ያለፈ ሕፃን ስሙን በእውነት ዐውቋል። ያላለፈም አልወደቀም፤ ዜማው ይመለስለትና ይደገምለታል። ቤት ሲሠራ የሚቆመው መወጣጫ ግድግዳው እስኪደርቅ ድረስ እንደሚያስፈልግ ሁሉ ዜማም እንዲሁ ነው።

በሞያሌ ይህ የሚደረገው ሕፃኑ ከእናቱ በለመደው ቋንቋ ቢጀመር ይመረጣል። «ቢሻን» ብሎ ውሃን ያወቀ ሕፃን ነገሩን ስለሚያውቀው «ማጂ» እና «ውሃ» የሚሉትን በኋላ በቀላሉ ይጨምራል። ነገር ግን በአንድ መዝሙር ውስጥ አራቱን ስም መደራረብ አይገባም፤ ለእያንዳንዱ ቋንቋ የራሱ ዜማ ቢኖረው ሕፃኑ በዜማው ቋንቋውን ይለያል።

እንደየሕፃኑ

ልዩ ልዩ ፍላጎት ያላቸው ሕፃናት በአንድ መንገድ አይማሩም። መስማት የተሳነው ሕፃን ከበሮውን በእጁ እየዳሰሰ ምቱን በቆዳው ይቀበላል፤ ከበሮ ባይኖር የተገለበጠ ባዶ ጀሪካን ያገለግላል። ስሙን ግን በምልክት ቋንቋ ማየት አለበት፤ ከበሮው ምት እንጂ ስም አይነግረውምና። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የኬንያ ሕገ መንግሥት መንግሥት የኬንያን የምልክት ቋንቋና ብሬልን እንዲያስፋፋ ያዝዛል።

ማየት ለተሳነው ሕፃን ዕቃው አስቀድሞ በእጁ ይግባ፤ ይዳስሰው፥ ያሽትተው፥ ድምፁንም ይስማ። ስለ ላም ቢዘመር የላም ድምፅ ብቻ በቂ አይደለም፤ ቢቻል ጥጃ ይዳስስ። ኦቲዝም ያለበት ሕፃን ከፍ ያለ ድምፅ ሊያሠቃየው ስለሚችል፥ ከበሮው ዝግ ይበል፤ ዜማውም በየቀኑ በአንድ ሰዓትና በአንድ ሥርዐት ይሁን። አእምሮው በዝግታ ለሚያድግ ሕፃን ስሞቹ ይቀነሱ፥ ድግግሞሹ ይብዛ። አፉ ለማይታዘዝለት ሕፃን ደግሞ ሥዕሎች ይዘጋጁ፤ ዜማው ሲቆም ሥዕሉን ያሳይ። የሚናገሩት ሕፃናት ከእነዚህ ጋር አብረው ቢዘምሩ አይጎዱም፤ እንዲያውም ታጋሽነትን ይማራሉ።

ከሹማምንት የሚጠበቅ

ሕጉ በሁለቱም አገሮች አለ። ኬንያ በ2008፥ ኢትዮጵያም በ2010 ዓ.ም. የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት አጽድቀዋል። ኬንያ በ1984 ዓ.ም. የሕፃናትን የትምህርት ፍላጎት የሚመረምሩ ማዕከሎችን ማቋቋም ጀምራለች፤ በ1986 ዓ.ም. ደግሞ የልዩ ትምህርት መምህራን የሚሠለጥኑበትን ተቋም መሥርታለች። ኢትዮጵያም የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስልት በ2006 ዓ.ም. አውጥታ በ2012 ዓ.ም. አሻሽላለች። ነገር ግን ሕግ ሕፃኑን ከቤቱ ጓዳ አውጥቶ አያመጣውም። የሚያመጣው እናቱን የሚያናግር ሰው ነው።

ለዚህም ነው ይህን ጽሑፍ ቋንቋ በመማር ላይ ለምትገኙ ሹማምንት ያቀረብነው። በአንድ ሰፈር ስታልፉ የማይናገር ሕፃን ብታዩ፥ «ምን ሆኖ ነው?» ከማለታችሁ በፊት «ስሙ ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ጆሮው ታይቶለት እንደ ሆነ ጠይቁ። ትምህርት ቤት በምትጐበኙበት ጊዜም ሕፃናቱ መዝሙር ዘምረው ሲጨርሱ አጨብጭባችሁ ብቻ አትመለሱ፤ በመዝሙሩ ውስጥ ከተጠሩት ነገሮች አንዱን በእጃችሁ አንሥታችሁ ከኋላ የተቀመጠውን ሕፃን ስሙን ጠይቁት፤ መልሱንም በትዕግሥት ጠብቁ። መምህሩ ዕቃ የሚገዛበት ገንዘብ ባይኖረው፥ ከየቤቱ የሚመጣ አንድ ጣሳ፥ አንድ ማንኪያና አንድ አሮጌ ጫማ ለዚህ ሥራ እንደሚበቁ አስረዱት።

ለወላጆችም የምንለው ይህ ነው። ልጃችሁን በቋንቋችሁ ዘምሩለት። እሹሩሩ ስትሉት ዐይኑን እያያችሁ ይሁን፤ ስትመግቡት የምግቡን ስም፥ ስታጥቡት የእጁንና የእግሩን ስም አዚሙለት፤ ከዚያም ዝም በሉና ጠብቁት። መልሱ ዛሬ ባይመጣ ነገ ደግሙት። የዘገየ መልስ መልስ አይደለም ብሎ የወሰነ ማንም የለምና፥ አንድ ቀን ሕፃኑ ጣቱን ወደ ማድጋው ዘርግቶ በሚችለው ድምፅ «ውሃ» ሲል የምትሰሙት፥ ጥማቱን ብቻ ሳይሆን ከእናንተ ጋር መነጋገር የጀመረ መሆኑንም ነው።